ሲባጎውን የሳብኩት እኔ ነኝ

መጀመሪያ ማን እንደምትነግራችሁ እወቁ፤ እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን «አልታየም» ብዬ አልፋለሁ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ደግሞ ለፈጣሪ ትቼ ጸሎቴን አድርሼ እተኛለሁ፣ ሰው ስለ ጥላና ስለ ድምፅ ሲያወራ «እስቲ መጀመሪያ እህል ቅመሱ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ፣ «ነበርኩ» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ከአርባ ምንጭ ተመድቤ መካነ ሰላም ስመጣ የተከራየሁት እትዬ ዘሃራ ግቢ ነው፤ የኔ ክፍልና የሟች ወንድማቸው የሼህ ይማም ክፍል በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፣ ሼሁ ልጆች ቁርአን ያቀሩበት የነበረው ያ ክፍል እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተቆልፏል። ድመታቸውም ያኔ ነው ከሰው የራቀችው፣ ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብታ ቀረች፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ትሰወራለች። በነሐሴ ታዲያ አንገቷ ላይ ሽቦ ይዛ ብቅ አለች፤ ጫጩት የተበላበት ሰው ያጠመደላትን በጥሳ አምልጣለች፣ ቀለበቱ ግን ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል።

የእንስሳት ሐኪሙን ለመንኩት። «ይዘሽ አምጪልኝ፣ እቆርጥላታለሁ» አለኝ፣ «ግን ዓርብ ጠዋት ለክትባት ወደ ከላላ ወረዳ እወጣለሁ፣ እስክመለስ አትቆይልሽም።»

ሰፈሩ ሳቀብኝ፤ በጆንያ ያባረራት አለ፣ ክንዱን ተቦጭሮ የተመለሰ አለ፣ «የአርባ ምንጯ፣ አዞ መሰለችሽ እንዴ?» ያለኝም አለ። እኔ ግን ሳላባርራት፣ ሳላስደነግጣት ነበር መያዝ የፈለግሁት፤ ደጄ ላይ የቲማቲም ሳጥን ደፋሁ፣ አንዱን ጎን በእንጨት ደገፍኩት፣ ከእንጨቱ ላይ ሲባጎ አስሬ በክፍሌ በር ሥር ወደ ውስጥ አስገባሁ። ለማባበያ ጉበት ያስፈልጋል፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ብስኩት እንኳ ወተት እንደሌለበት አንብቤ የምገዛ ሴት ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ ጉበት ገዝቼ ፌስታሉን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ገባሁ።

«ምነው ልጄ፣ እባብ የያዝሽ መሰልሽ!» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ «አብሽሪ፣ ጾሙ ያንቺ እንጂ የሷ አይደለም።»

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጉም ግቢውን ሞልቶት ሳለ መጣች። በበሩ ስንጥቅ እያየኋት እስከ ሳጥኑ ደረሰች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ሼሁ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ሳትቀምስ ሄደች። ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ የውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ ለሶላት የሚታጠብ ሰው ከኩስኩስት እጁ ላይ እንደሚያፈስ፣ ቀስ ብሎ። ቧንቧ ነው አልኩ፣ ቧንቧው ግን ከደረቀ አራተኛ ቀኑ ነበር።

ረቡዕም መጣች፣ ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ የሽማግሌ ሳል ተሰማ። ጎረቤት ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ ሰው ማመን ካልፈለገ ምክንያት አያጣም።

ሐሙስ ጠዋት «እትዬ፣ ሥጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ምን ትጠብቃለች?» አልኳቸው።

«ቢስሚላህ እስኪባልላት ነዋ! ወንድሜ ሳይላት ሰጥቷት አያውቅም። ወላሂ እኔም ሞክሬያለሁ፣ ድምፄን ስትሰማ ትፈረጥጣለች፣ የሱን ነው የለመደችው።»

ሳቅሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን አልሳቅሁም፣ አንገቷ አብጦ፣ ሲርታው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፣ ነገ ዓርብ ነው። በሹክሹክታ በስመ አብ ብዬ ወደ ጉበቱ አማተብኩ፣ ዞር ብላ «ይኸው ነው?» በሚል ዓይን አየችኝና ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። «ጌታዬ፣ ለነፍስ ብዬ ነው» አልኩና ያን ቃል ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ከፈትኩ ነው የምላችሁ፣ ትንፋሽ አላወጣሁም፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረነነ፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ «ቢስሚላህ» አለ።

ድመቷ ተነሣች፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በገዛ ቤቷ እንደምትገባ ሳጥኑ ሥር ገባች። ሳብኩ! ሳጥኑ ዷ አለ፣ ሮጬ በላዩ ተጋደምኩ፣ ብርድ ልብስ አለበስኩት፣ ጨለማ ሲሆንላት ጸጥ አለች፣ እኔ ግን ብቻዬን እልል አልኩ። ከሥሩ ጣውላ አንሸራትቼ፣ በገመድ አስሬ፣ አቅፌያት ወጣሁ።

«ይቺን ማን ያዛት?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ!»

ሽቦው ተቆረጠ፣ ትንፋሿ ጠራ። ስመለስ የሳቁብኝ ሁሉ በር በር ላይ ቆመው አዩኝ፣ የአዞው ቀልደኛ ራሱ ሳጥኑን ተቀብሎ ተሸከመልኝ፣ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ መሐል መንገዱን ያዝኩ።

እትዬ ዘሃራ የሼሁ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው።

«እልል ስትዪ ግቢ ውስጥ ነበርኩ» አሉኝ፣ «ከዚያ በፊት ያለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። እርስዎም?»

ቁልፉን ወደ ጓጉንቸሩ አስጠጉ፣ ቆሙ፣ መልሰው ጉያቸው ከተቱት። «ይቅር» አሉ ዝግ ብለው፣ «ሶላቱን አልጨረሰም ይሆናል።»

ድመቷ ዛሬ እኔ ጋ ናት፣ ድናለች፣ ወፍራለች፣ ሲባጎውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። የላብራቶሪ ወረቀቴ ላይ ግን «ታየ» እና «አልታየም» እንጂ «ተሰማ» የሚል ቦታ የለም። ምግቧን ሳስቀምጥላት አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ እኔ ምንም አልሰማም፣ እሷ ጆሮዋን አንዴ ነቅነቅ ታደርግና መብላት ትጀምራለች። ትናንት ማዕዴ ላይ አማትቤ ጨርሼ፣ ጉርሻዬን ይዤ፣ እጄ ወደ አፌ አልሄድ አለኝ፣ ለካ እኔም ግድግዳውን እያየሁ እየጠበቅሁ ነበር።