ጉስትን ወደ ቤቱ ስንመልስ

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። የብስክሌት ጓደኞቼ ዋርድና ኔለ አብረውኝ ነበሩ። ዋርድ ብስክሌቱን ሸጧል፤ ኔለ ስለዚያ ቀን ሲነሣባት ከክፍሉ ትወጣለች። ስለዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

እሁድ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ጥቅምት አጋማሽ፣ አውደናርደ የምትባል የቤልጂየም ከተማ። ስኬልደ ወንዝ በጉም ተውጦ ዳርና ዳሩ አይለይም ነበር።

ጎዴሊቭ ደጃፏ ላይ ቆማ የባሏን የጉስትን የጃኬት ዚፕ እስከ አገጩ ሳበችለት።

«ሂልደ፣ ልቡን ከታከመ ገና ሦስት ወሩ ነው» አለችኝ። «አራት ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ አምጪልኝ። አንቺን ነው የማውቀው።»

«ሞግዚት ቀጠርሽልኝ?» አለ ጉስት። «ኋላ ካልሆንኩ አልሄድም። ሠላሳ ዓመት የኋላው እኔ ነኝ!»

ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ። ግትር። መሃል እንዲገባ ለመንሁት፤ እምቢ አለ። ገና ሳንነሣ ደሜ ፈልቷል።

በብስክሌት ቡድናችን እያንዳንዱ ጎማውን ከፊተኛው ጎማ በስንዝር አስጠግቶ ይነዳል። መሪው ሰው ዞሮ አያይም፤ አንገቱን ካዞረ ብስክሌቱ ይዞራል፣ የተከተሉት ሁሉ ይወድቃሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ የመጨረሻው ሰው «ሙሉ ነን!» ብሎ ይጮኻል።

ያንን እናምናለን። ማየት አያስፈልገንም።

እኔ ከፊት፣ ቀጥሎ ዋርድ፣ ቀጥሎ ኔለ፣ መጨረሻ ጉስት።

የመጀመሪያው ድልድይ። «ሙሉ... ነን!» ያለከልካል።

ጀልባዎች የሚያልፉበት የውኃ በር። ታጠፍን።

«ሙሉ ነን!»

አላለከለከም።

ወዲያው ከኋላ ኪሴ ስልኬ ጮኸ። እየነዳሁ ስልክ አላነሣም። ዘጋ... ደግሞ ጮኸ። አራት ጊዜ። «ማነው ይሄ ጨቅጫቃ!» አልኩ ለጉሙ።

ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ገና መሪዬን ሳላዞር፣

«ሙሉ ነን!»

«ጉስት! ቀልዱን ተው!»

«ሙሉ ነን!»

ዋርድ ሳቀ። «የሽማግሌውን ሳንባም ቀይረውለታል መሰለኝ።»

ኔለ አልሳቀችም። ጥቂት ቆይቶ ዋርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«ኔለ ቀስ በይ ትላለች።»

«ለምን?»

«ሲተነፍስ አይሰማኝም ትላለች።»

ተናደድኩ። ሲያለከልክ እጨነቃለሁ፤ ሳያለከልክም ልጨነቅ? ሦስት ሰዓት አልፏል። የገባሁት ቃል አለ። ጉሙ አይገለጥም፣ ስልኩ አይተወኝም።

አምስተኛው ጥሪ ላይ በአንድ እጄ መሪውን ይዤ አነሣሁት።

«የት ገባችሁ?!»

ጉስት ነበር። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«የውኃ በሩ ጋ ጎማዬ ተነፈሰ! ብጮኽ ብጮኽ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ብርዱ...»

ከኋላችን፣ በጣም ቀርቦ፣ «ሙሉ ነን!»

ጉስትም በስልኩ ሰማው።

ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ሂልደ... በእኔ ድምፅ የሚጮኸው ማነው?»

ፍሬን ያዝኩ። ቆምን። ዞረን አየን።

ጉም ብቻ።

ግን የሚንከባለል ጎማ ድምፅ ነበር... ቲክ... ቲክ... ቲክ... በአጠገባችን አለፈ። መንገድ በሌለበት በኩል፣ በውኃው በኩል። ወደ ከተማው ሄደ።

ወደ ውኃው በር ተመለስን።

ጉስት የጀልባ ማሰሪያ ብረት ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። «ዓይንሽ ማጅራትሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ታይኝ ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። መሰደቤ ደስ አለኝ። ዋርድ ጎማውን ቀየረለት።

«አሁን መሃል ትገባለህ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እሺ። ሠላሳ ዓመት ከጉስት አፍ ሰምቼው የማላውቀው ቃል። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረስን። ዋርድና ኔለ መንገዱ ዳር ቀሩ፤ እኔ ጉስትን ክንዱን ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ለቁጣዋ ተዘጋጅቼ ነበር።

ጎዴሊቭ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተችው። አየችኝ። እሱን አየችው። ፊቷ ነጣ።

«ክፈቺልን እንጂ፣ በርዶታል» አልኳት።

ከንፈሯን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች።

«ጉስት ከአሥር ደቂቃ በፊት ገባ... ፎቅ ላይ ገላውን እየታጠበ ነው።»

«ጎዴሊቭ፣ ክፈቺ፤ በረደኝ» አለ ጉስት ከጎኔ።

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ» አለች።

«አምጪልኝ አላልሽም?» አልኩ። «ይኸው አመጣሁት! ክንዱን ይዤዋለሁ!»

ፎቅ ላይ ውኃው መፍሰሱን አቆመ።

ከጎዴሊቭ ጀርባ፣ ደረጃው ላይ፣ ሁለት እርጥብ እግሮች ወረዱ። አንድ ደረጃ... ሁለት... ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ከጉልበት በላይ ጨለማ ነው።

ጎዴሊቭ አልዞረችም። እጇ ሰንሰለቱ ላይ ነው፤ አይከፍትም፣ አይዘጋም።

ቀኙ እግር ቀስ ብሎ ተነሣና አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወጣ።

ከጎኔ የነበረው ጉስትም፣ በዚያው ቅጽበት፣ ቀኝ እግሩን አንሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።