የትውልድ ቆጠራ

በ1974 ዓ.ም. የታሪክ ትምህርት ክፍል አራተኛ ዓመት ስንደርስ ለመመረቂያ ጽሑፋችን አማካሪ እንድንመርጥ ተነገረን። መምህራኑ የየራሳቸው ጥናት ነበራቸው። አንዱ የጥንት ብራና፣ ሌላው የሲራራ ንግድ፣ ሦስተኛው የዓለም አብዮቶች፤ ዘመኑ ነውና ተማሪው የሚጋፋው በሦስተኛው በር ላይ ነበር። ዶክተር ወልደሰንበት ደግሞ የደቡብ ሰው ትውልዱን እንዴት እንደሚቆጥር ያጠኑ ነበር።

የክፍል ጓደኛዬ ሳህሉ የመረጠው ንግዱን ነው። ያስለወጥኩት እኔ ነኝ።

«ዶክተር ወልደሰንበት ጋ ከገባን ለጥናቱ አብረን ሆሳዕና እንወርዳለን» አልኩት። «አባቴም ያይሃል።»

«ካየኝ በኋላስ?»

«ይወድሃላ።»

ፈገግታውን ለመደበቅ ደብተሩን ገለጠ። ለጋብቻ የጠየቅኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ግን አልወደደውም። ሳህሉ ወንጂ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አያቱ ከሀዲያ ለሸንኮራ ሥራ እንደሄዱ እዚያው ቀሩ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሆመቾ አጠገብ ባለው ቤታችን አባቴ «ወገኑ የማይታወቅ ሰው» እያለ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ለጥናቱ ሲል የራሱን ትውልድ ቆጠረ፤ እኔ ከሀዲይኛ ተረጎምኩ፣ ሳህሉ ጻፈ።

«አንተስ?» አለው አባቴ በአማርኛ።

«ኤርጫፎ» አለ ሳህሉ ከአባቱ ጀምሮ። «ሀንዲሶ። ሄላሞ። አኑሎ።»

አባቴ ቀና አለ። «አኑሎ ወንድም ነበረው?»

«ነበረው ይላሉ። ጡሚሶ።»

«ጡሚሶ የአያቴ አባት ነው» አለና ተነስቶ አቀፈው። አለቀሰ፣ ሳመው።

በእኛ ዘንድ ከአንድ ጎሳ መጋባት የለም፤ የቱንም ያህል ትውልድ ቢቆጠር። አባቴ የጠፋ ዘመድ አገኘሁ ብሎ በግ አረደ፣ ጎረቤት ጠራ።

«ጣቢታ፣ ወንድምሽን አስታጥቢው» አለኝ።

ውሃውን አፈሰስኩለት።

ጓሮ ጠብቄው «አትጻፈው» አልኩት።

«ብጽፈውም ባልጽፈውም አባትሽ ሰምቷል።»

ከዚያ ወዲያ ብቻችንን ቆመን አናውቅም።

ዶክተር ወልደሰንበት ለጽሑፉ ከሁሉም የበለጠ ውጤት ሰጡት። እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ሳህሉ አገባ፤ ለመስቀል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አባቴ ጋ ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም። ያንን ሰሞን ቤታችን ይሞላል፣ እኔም የባሰ ብቻዬን እሆናለሁ።

ዘንድሮ ትልቋ ልጁ «አክስቴ፣ ለምን ባል የለሽም?» አለችኝ።

ሳህሉ ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳት።