ጁፒተር ላይ የታየው ብልጭታ

የቅመም ነጋዴው ሀምዳን፣ በርበሬ በረንዳ ሰፈር ካለው ሕንፃው ሰገነት ወድቆ ግቢው ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዘበኛው ቶላ ታስሯል፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የሰገነቱ ቁልፍ በእጁ ነበር፤ የሟቹ እህት ሀፍሷም «ያን ዕለት ጠዋት ወንድሜ ክፉኛ ሲቆጣው ሰምቻለሁ» ብላ መስክራበታለች። ለኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏታል። ድሃ ሲያዝ ምርመራው ቶሎ ያልቃል፤ ይህ ሁሌም ያበሳጫታል።

«የገዛ እንጀራዬን እገፋለሁ እንዴ?» አለ ቶላ። «የጋሼ ጓደኛ በፍቃዱ ሲገባ አይቻለሁ፤ ሲወጣ አላየሁም። ራት ልበላ ራጉኤል ድረስ ሄጄ ነበር። ሁለት ተኩል ላይ ስመለስ ጋሼ ወድቀዋል።»

በፍቃዱ መሳለሚያ ሰፈር ካሜራ የሚጠግን፣ ከሀምዳን ጋር አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ሰገነት ላይ በቴሌስኮፕ የፕላኔት ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው።

«አንድ ሰዓት ላይ ተሰናብቼው ቤቴ ገባሁ» አለ። «ሁለት ከአሥር ላይ በራሴ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን እቀርጽ ነበር። ሰዓቱ ቪዲዮው ላይ አለልዎት።»

እውነትም አለ። በዚያው ደቂቃ ጁፒተርን የሆነ አለት መታው፤ ሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሰማይ ሲያዩ ከሚያረጁት ስንቱ ሳያየው ይሞታል! በፍቃዱ ቪዲዮውን በስሙ ለሰማይ ተመራማሪዎች ልኮ ከየአገሩ እንኳን ደስ አለህ እየተባለ ነው።

«ወንድምሽስ ያን ምሽት ምን ቀረጸ?» ስትል ወሰንየለሽ ሀፍሷን ጠየቀቻት።

«ምንም። ኮምፒውተሩ ላይ የለም።»

የጥር ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሰገነት ወጥቶ ምንም አለመቅረጽ! ወሰንየለሽ የበፍቃዱን ቪዲዮ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አየችው።

«እሱንማ ማን አይቶ ይዘልቀዋል?» ብሎ ሳቀባት በፍቃዱ። «ፕሮግራሙ ሺውን ምስል ደራርቦ አንድ ጥሩ ፎቶ ያወጣልናል፤ እኛ የምናየው ያንን ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከታች የሚፈጨው በርበሬ ያስነጥሳል። ቶላ በካቴና ቆሟል።

ወሰንየለሽ የበፍቃዱን ቪዲዮ ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። «ጁፒተር ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ይህቺን ጥቁር ነጥብ ግን እዩልኝ» ብላ ነጥቧ አጠገብ ብጣቂ ወረቀት ለጠፈች። ጁፒተር ሄደ፣ ተመለሰ። ነጥቧ ከወረቀቱ ጫፍ ንቅንቅ አላለችም። «ፕላኔቱ ላይ ብትሆን አብራው ትሄድ ነበር። ያለችው ካሜራው ውስጥ ነው።»

«አቧራ ነዋ!» አለ በፍቃዱ። «የማን ካሜራ አቧራ የለውም?»

«የእርስዎ።»

ከቤቱ ያስመጣችውን የእሱን ካሜራ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙራ ቀረጸች፤ ምስሉ ንጹሕ ነው። የሀምዳንን አዞረች፤ ነጥቧ እዚያው ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ሀምዳን ባለፈው ሳምንት በቀረጸው ቪዲዮ ላይም እንዲሁ።

«ምስሉ ሲደራረብ ነጥቧ ትጠፋለች። ጥሬውን ቪዲዮ ቁጭ ብሎ የሚያይ እንደኔ ያለ ሙያውን የማያውቅ ነው። ይህ የተቀረጸው ሁለት ከአሥር ላይ፣ እዚሁ፣ በሀምዳን ካሜራ ነው። ቀድተው ወሰዱና የእሱን አጠፉ። ቤቴ ነበርኩ ያሉት ውሸት ነው።»

በፍቃዱ የሰገነቱን አጥር በመዳፉ መታ።

«ያየሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ድንገት ጮኸ። «ለኢሻ ሶላት ሲወርድ ካሜራውን ጠብቅልኝ አለኝ። ብልጭ ሲል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር! ተመልሶ ግን ቴሌስኮፑ የኔ ነው፣ በኔ ስም ይላካል አለ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ጠብቄ! ቪዲዮውን የቀዳሁበትን ፍላሽ ስንናጠቅ ገፈተርኩት። እንዲሞት አልፈለግሁም።»

ካቴናው ከቶላ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ገባ። ሀፍሷ ዘበኛው ፊት ቆመች።

«አፉ በለኝ ቶላ። ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ።»

«ጋሼ የት ተቀበሩ እትዬ?» አላት። «ሰው ሁሉ አፈር ሲያለብሳቸው እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«ና፣ እኔ እወስድሃለሁ።»

ቀድማው ልትወርድ ዞረች፤ እንባዋ ግን ደረጃውን አላሳያት አለ። ቶላ ክንዷን ይዞ አወረዳት።