የጆሮ ካሳ

ኢንስፔክተር እንቁ የሰው ሬሳ አይታ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ያዘች፤ ያስያዛትም ሟቹ አልነበረም።

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ግንባታው ሳይውጠው በተረፈ ቁራጭ መሬት ላይ፣ የከብት አርቢዎች ማኅበር ቢሮ አለ። ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊት ጠረጴዛና ወንበር፣ ከኋላ ድሮ የወተት ማቀዝቀዣ የነበረ ክፍል። አሁን ወተት የለም። ክረምት ላይ የገባው የከብት ወረርሽኝ በረቱን ሁሉ ጠርጎት ሲሄድ፣ መንግሥት ለአርቢው ካሳ እከፍላለሁ አለ፤ ለአጭበርባሪ እንዳይመች ደግሞ የሞተችው ላም ግራ ጆሮ ተቆርጦ ይቅረብ ተባለ። ወተት ይቀመጥበት የነበረው ክፍል እንግዲህ ጆሮ በታጨቀባቸው የማዳበሪያ ከረጢቶች ተሞላ። መብራት ሲጠፋ ይቀልጣል፣ ሲመጣ መልሶ ይደርቃል። ሰፈርተኛው ገንዘቡን «የጆሮ ካሳ» ይለዋል፤ ሲለውም ምራቁን እየተፋ ነው።

ጆሮውን እንዲያጣራ የተላከው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ፊሊጶስ፣ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ ግማሽ ሻይ የቀረበት ብርጭቆና በጎኑ የወደቀ የቆርቆሮ ጣሳ አለ። ጢሙና ሸሚዙ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ወፍራም ነገር ደርቋል።

«ወተት ውስጥ መርዝ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ሱልጣን። ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት ሰሞን ስለነበረ እሱም ከንፈሩ ደርቋል። «ጣሳው የጎረቤቲቱ ነው፣ የፈቲያ። ባለፈው ሳምንት ካሳዬን ከለከልከኝ ብላ ‹ሞትህን ያሳየኝ› ብላዋለች፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«አንተ ከማን ሰማህ?»

«ከማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ከአቶ ወንድወሰን።»

እንቁ ቁጢጥ አለች። የደረቀውን ነገር በጣቷ ነካ አድርጋ አሸችው፤ እንደ ሙጫ ያዛት። አሸተተችው። ከዚያ የሟቹን አንገት ተመለከተች፤ ጥቁር ማተብ አስሯል።

«ይጾም ነበር?»

«መጾም ብቻ! ዲያቆን ነበር ይላሉ። ዓሣ እንኳ አይቀምስም።»

«ታዲያ በሁዳዴ ወተት ጢሙ ላይ ምን ይሠራል?»

ሱልጣን ጎንበስ ብሎ ጢሙን እንደገና አየው። እንቁም ብርጭቆውንና ጣሳውን ለየብቻ አሽጎ ለምርመራ እንዲልክ አዘዘችው።

ሬሳውን ጠዋት ያገኙት አዛውንቱ አርቢ አቶ ገሰሰ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በትራቸውን መሬት ላይ ይወጋሉ።

«ጋሼ፣ ፊሊጶስን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«አዎ እጠላው ነበር። በሬዬን ‹ታሟል፣ ይወገድ› ብሎ አስገደለብኝ። ከልጄ እኩል ያሳደግሁትን በሬ! ግን ልጄ፣ ሰው የጠላውን ሁሉ ቢገድል በዚህ አገር ማን ይተርፍ ነበር?»

«ትናንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም መጥተናል፤ እኔ፣ ፈቲያና ወንድወሰን። የሻይ ፔርሙዙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የፈለገ ይቀዳል። ፊሊጶስ እንዲያውም ‹ጾሜን ገና አልፈታሁም፣ ቆይቼ እጠጣለሁ› አለና ቀድቶ አስቀመጠው። ትቻቸው ወጣሁ።»

የፈቲያ ቤት ከቢሮው ጋር አጥር ይጋራል። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከስምንት ላሞቿ የተረፈችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም በረት ውስጥ ቆማ ገና እግሩ ያልጠና ጥጃዋን ትልሳለች። ልጆቹ ፖሊስ ሲያዩ ከእናታቸው ቀሚስ ጀርባ ተሸጎጡ።

«ጣሳው የኔ ነው፣ እትዬ፤ አልዋሽም» አለች ፈቲያ። «ትናንት ማታ አዛን ሲል በር ላይ ሁለት ዕቃ ነበረኝ። በጆጉ ጎረቤቴ ለማፍጠሪያ የላከችልኝ ወተት፤ በጣሳው ደግሞ ከላሜ ያለብኩት። ልሰግድ ገባሁ። ስወጣ ጆጉ አለ፣ ጣሳው የለም። ልጆች መስለውኝ ተውኩት።»

እንቁ ላሟን፣ ከዚያም ጥጃዋን አየች። «መቼ ወለደች?»

«ገና ከትናንት ወዲያ።»

«‹ሞትህን ያሳየኝ› ያልሽውስ?»

ፈቲያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ብያለሁ። ሰባት ላም አልቆብኝ፣ ጆሮውን በገዛ እጄ ቆርጬ አስረክቤ፣ ‹የአንቺ ከረጢት ባዶ ነው› ሲለኝ ምን ልበል? ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ከብቶቻችን እንዳይጠፉ ግራ ጆሯቸውን ጫፉ ላይ እንደ ሹካ ይሰነጥቀው ነበር። እንዴት ይጠፋል? ያን ካሳ ካላገኘሁ ይቺንም ሸጬ ለቤት ኪራይ ነው የምከፍላት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንበላ አላህ ይወቅ።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «ዶክተሩ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፣ እትዬ። ትናንት መጥቶ ‹ፈቲያ፣ ላሞችሽን አገኘኋቸው፤ ነገ ቦሌ፣ ካሳ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር። ያ ነገ ዛሬ ነው።»

ይህን እያወራች ሳለ አዲስ ነጭ መኪና አጥሩ ጋ ቆመ። አቶ ወንድወሰን ወረደ፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ደረቁን እየመረጠ ይረግጣል።

«ኢንስፔክተር፣ እስካሁን አልታሰረችም?»

«ለመሆኑ የማቀዝቀዣው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ምነው?»

«እርስዎም ከብት አልቆብዎታል?»

ወንድወሰን መሀረብ አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገ። መሀረቡ ደረቅ እንደነበረ እንቁ አየች። «ሃያ ላም፣ እህቴ። ሃያ! ልጅ እንደመቅበር ነው። እኔ ግን ካሳዬን አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አሁን የምታገለው ለእነዚህ ምስኪኖች ነው።»

«ትናንት እስከ ስንት ሰዓት ቢሮ ነበሩ?»

«ገና ሳይመሽ ነው የወጣሁት። ፊሊጶስን ጤነኛ ትቼው ነው የሄድኩት።»

እንቁ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባች። ከኪሷ ሎሚ አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ጫነች፤ ሎሚው ምንም አልረዳትም። ስሟ የተጻፈበት የፈቲያ ከረጢት ጠፍጣፋ ነው። የወንድወሰን ግን እንደ ባለጸጋ ሆድ ተወጥሯል። ፈታችው። ከላይ ያለውን ጆሮ አነሳች፤ ጫፉ እንደ ሹካ ተሰንጥቋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። ከሥሩ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ምልክት ያለበት ጆሮ አለ። ያቅለሸለሻት ሽታው ብቻ አልነበረም። የሞተች ላም ጆሮ ከመበለት ሰርቆ መሀረብ ለሚያወጣ ሰው ምን ስም ይሰጠዋል? ስሙን አጣችለት።

ሌብነቱ እዚህ ላይ ተገልጧል። ሌባ ሁሉ ግን ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ የመበለቲቱ ጣሳም ሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። አለቆቿ በስልክ «ፈቲያን እሰሪ» አሏት፤ አሰረቻት። በዚያ ማታ ላሟን ያለቡላት፣ ልጆቿንም ያበሉላት አቶ ገሰሰ ናቸው።

በማግስቱ ውጤቱ ሲመጣ እንቁ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፈቲያ ከሱልጣን አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ገሰሰ እንቁ እንደጠየቀቻቸው ማለዳ ከፈቲያ ላም ያለቡትን በብርጭቆ ይዘው መጥተዋል። ወንድወሰን በሊቀመንበርነት ወንበሩ ላይ ነው። ጆሮዎቹን ሊረከብ ከቦሌው የካሳ ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ኃላፊም ነጭ ፋይል ታቅፎ፣ ክራቫቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ በር ጋ ተቀምጧል።

እንቁ ብርጭቆውን ወንድወሰን ፊት አስቀመጠች።

«ከሥራው በፊት አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጾም ስለሆነ ይቅመሱ አልልም። እርስዎ የሃያ ላም ጌታ ነበሩ፤ ይህ ወተት እንዴት ነው?»

ወንድወሰን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ እንደ አዋቂ አገላበጠው። «ምን የመሰለ ወተት! ወፍራም፣ ውኃ ያልነካው። ቅባቱን አያዩትም? የእኔዎቹም እንዲህ ነበር የሚሰጡት።»

አቶ ገሰሰ ሊስቁ ጀምረው መሀል ላይ ተዉት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«እሱ እኮ ወተት አይደለም» አለች ፈቲያ ቀስ ብላ። «እንገር ነው።»

«እንገር ነው» አለች እንቁ። «ላም በወለደች ሰሞን የምትሰጠው፣ ለጥጃው የሚተው ወይም ፈልቶ ልጆች የሚበሉት። ላም ያለበ ሰው ቀርቶ ላም ስትታለብ በአጥር ያየ ልጅ ከወተት ይለየዋል። ሬሳው ላይ ደርቆ ያገኘሁትም እሱን ነው። ፈቲያ ስትነግረኝ የጆጉን ‹ወተት› አለች፤ የጣሳውን ግን ‹ከላሜ ያለብኩት› ብቻ ነው ያለችው። ወተት ብላ አልጠራችውም።»

«ታዲያ መርዙ ከእሷ ጣሳ አይደለም?» አለ ወንድወሰን። ድምፁ ቀጥኗል።

«አይደለም። ምርመራው መጥቷል። የከብት መዥገር መድኃኒት ሻዩ ውስጥ ተገኝቷል፤ ጣሳው ንጹህ ነው። ስለዚህ ፊሊጶስ መጀመሪያ የጠጣው ሻዩን ነው። ወተት መስሎ የታየው ነገር አፉ ውስጥ የተንቆረቆረው ከዚያ በኋላ፣ ‹ጾመኛ ነኝ› ለማለት አቅም ሲያጣ ነው።» ወደ ሱልጣን ዞረች። «ሳጅን፣ ሰው ሲያዞረው በሰፈራችሁ ምን ትሰጡታላችሁ?»

«ስኳር በጥብጠን።»

«የሚጥል በሽታ ያለበት ሲወድቅስ?»

«ክብሪት ጭረን እናሸትተዋለን።»

«ወተት የምትግቱት ማንን ነው?»

«መርዝ የጠጣን።»

«እንግዲህ ያን ጣሳ ይዞ የሮጠ ሰው፣ ሐኪም ሳያይ፣ ሬሳ ሳይመረመር፣ መርዝ መሆኑን ያውቅ ነበር። ፈቲያ ብትሆን ወተቱ ያለበትን ጆግ ታነሳ ነበር። ጋሽ ገሰሰም ከሁለቱ ዕቃ ወተቱን በጨለማም ይለዩታል። እንገሩን የመረጠው ወፍራሙን አይቶ ‹ይሄኛው ጥሩ ወተት ነው› ያለ ሰው ነው። ልክ አሁን እንደተባለው።»

እንቁ የተወጠረውን ከረጢት ከማቀዝቀዣው ክፍል ጎትታ አወጣች። የተሰነጠቀ ጆሮ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ፈቲያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ፊሊጶስ ያገኘው ይህን ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነበር። ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ይባላል። የሰማይ ላሞችህን እንኳ መንግሥት ካሳ ከፈለባቸው፣ ወንድወሰን። አንድ ላም ኖሮህ አያውቅም።»

እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ቆይታ «አንተ» ማለቷን ሁሉም ሰማ። ከስድብ የከፋ ነበር።

ወንድወሰን ተነሳ፤ ሱልጣን ትከሻውን ተጭኖ አስቀመጠው።

«ላድነው ሞክሬያለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ትቼው ልወጣ ስል እግሬን ያዘኝ። ዓይኑን ሳየው አልቻልኩም። ሮጬ ወተት አመጣሁለት፤ በእጄ አጠጣሁት! ጨካኝ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር?»

«መኪናህ የት ቆሞ ነበር?»

ወንድወሰን ሳያስበው በመስኮቱ አጥሩ ጋ ወደቆመው መኪናው አየ።

«ያን ማታም እዚያው አጥሩ ጋ ነበር የቆመው። ሐኪም ቤቱ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ነው። ወተቱን ፍለጋ ስትሮጥ መኪናህን አልፈህ ነው የሮጥከው፤ ስትመለስም አልፈኸዋል። ሐኪም ቤት ቢደርስ ይናገራላ። ሲሞትብህም ጣሳውን አጠገቡ አስተኝተህ ይቺን የልጆች እናት ልታሳስር ሄድክ።» እንቁ ፊቷን አዞረች። «አውጣልኝ፣ ሳጅን። ይሸተኛል።»

ሱልጣን በካቴና ወሰደው። አቶ ገሰሰ ከኋላው ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

የቦሌው ኃላፊ ክራቫቱን ከአፍንጫው ሳያነሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ እንኳን ደስ አለዎት። ይሁንና እነዚህ ጆሮዎች አሁን ኤግዚቢት ናቸው። ጆሮ በአካል ካልቀረበልኝ የወይዘሮዋ ካሳ ፍርድ ቤት እስኪወስን መቆየቱ ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። መመሪያ ነው።»

ፈቲያ ነፃ የወጣች ሴት አትመስልም፤ ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ ላሟ ላይ ቆሟል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እንቁ ከረጢቱን ከነፈሳሹ አንስታ ኃላፊው ጭን ላይ፣ ነጩ ፋይል ላይ አስቀመጠችው። ሰውዬው ሊነሳ ቢሞክር ክብደቱ አልለቀው አለ።

«በአካል ቀርበዋል» አለችው። «የተሰነጠቀውን እየለዩ ይቁጠሩ። እኔ ምስክር ነኝ፣ ጋሽ ገሰሰም ምስክር ናቸው። ቆጥረው ሲፈርሙ ለፍርድ ቤት መልሼ ከእርስዎ እረከባለሁ። እስከዚያ በሩ ይዘጋል፤ መብራቱም ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

ኃላፊው ከከረጢቱ ሥር በሸሚዙ የሚወርደውን ነገር አየ። ወደ በሩ አየ። ሁለት ጆሮ በጣቱ ጫፍ አነሳና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አፉን ይዞ እስክሪብቶ ጠየቀ።

ፈቲያ የተፈረመውን የካሳ ወረቀቷን ተቀብላ ልትወጣ ስትል ብርጭቆው ላይ ዓይኗ አረፈ። አነሳችና በሁለት እጇ ይዛው ሄደች፤ ጥጃው እስካሁን አልጠገበም ነበር።