ወፍጮው ይቁምልኝ

የምሥራችን ማንም ምንም አይጠይቃትም። ሞላሌ ውስጥ በጋሽ ሸዋንዳኝ ፎቶ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል ወልውላለች፣ የሙሽራ ፎቶ ፍሬም ውስጥ አስገብታለች፤ የኮምፒውተር ነገር ሲነሣ ግን አፍ ያላት አይመስላቸውም። ጥያቄው ሁሉ ለእሱባለው ነው። እሱባለው የጋሽ ሸዋንዳኝ የእህት ልጅ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩን በጄል ያቆማል። ሌላ ሙያው ገና አልታወቀም።

ዛሬ ግን ስሟ ተነሣ። የተነሣውም ለጥፋት ነው።

«ኮምፒውተሩ ላይ ውሃ አፍስሳበት ነው፣ ጋሼ» ይላል እሱባለው በስልክ፣ ጀርባውን ሰጥቷት። «ወለል ስትወለውል ነዋ! አዎ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። እምቢ አለ።»

የምሥራች መወልወያዋን እንደያዘች ቀና አለች። እሱባለው ዓይኗን ሳያይ ስልኩን አቀበላት።

«ስሚ» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ ከደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሆነው። «የኪዳነ ወልድን የሰርግ ፊልም ዛሬ አስረክባለሁ ብያለሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ማሽኑ ካልሠራ፣ ነገ እንዳትመጪ።»

አፍስሰሻል ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳ የለም። ስልኩ ተዘጋ።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩት?» አለችው።

«በቃ ተይው! አንቺን ቢቆጡሽ ነገ ይረሱታል። እኔን ግን ለእናቴ ነው የሚነግሩብኝ።»

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሰክቶ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣ ሰሌዳ ነው። ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ጽሑፍ በላዩ አለ፤ ፈርምዌር ይሉታል። እሱባለው ለጌሙ ይፈጥንልኛል ብሎ የድሮውን ጽሑፍ ፍቆ አዲስ ሊጭንበት ተነሣ። መቼ? በገበያ ቀን፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት! እማማ ጌታነሽ ወፍጯቸውን ሲያስነሡ የመንደሩ መብራት ሁሉ እንደሚደክም ሞላሌ ያደገ ሕፃን ያውቃል። እሱባለው ረሳው። የድሮው ተፍቆ አዲሱ ከግማሽ ሳይደርስ ወፍጮው ተነሣ፣ መብራቱ ጭልም አለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ስክሪኑም በዚያው ጠቁሮ ቀረ።

የምሥራች ቁጭ ብላ በስልኳ ትፈልግ ጀመር። እንግሊዝኛው ከበዳት፤ አንዱን መስመር ሦስቴ አነበበችው። ስታነብ ስታነብ ፊቷ ፈካ። ለካ በየአገሩ ካርዱን የሚገድል እሱባለው ሞልቷል!

«አልሞተም!» አለች ብድግ ብላ። «የሚናገረው ጠፍቶት ነው እንጂ። የድሮውን ቅጂ አስቀምጠሃል?»

«ፍላሽ ዲስኩ ላይ አለ።»

«እሰይ! አንድ ነገር እንኳ መመሪያው እንዳዘዘህ አድርገሃል። ካቻቢቴውን አምጣ።»

ክዳኑን ፈቱት። ካርዱ ላይ ከገብስ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ተጣብቋል፤ በሁለት ጎኑ ስምንት እግር አለው። ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ጽሑፍ ሲያነብ ይደነግጥና አልነሣም ይላል። እንዳያነበው ደግሞ አንደኛውንና ስምንተኛውን እግር በሽቦ ማገናኘት ነው፤ ከተነሣ በኋላ ሽቦውን ማንሣት። የምሥራች ከተበላሸ ቻርጀር ገመድ ፀጉር የመሰለ መዳብ መዘዘች። የስክሪኑን ገመድ ከካርዱ ነቅላ ኮምፒውተሩ የራሱ ባለው ሌላ የምስል ቀዳዳ ላይ ሰካች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሽቦውን አስነካች።

«ማስነሻውን ተጫነው!»

ተጫነው። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ በራ።

«በራ! የምሥራች፣ በራ! በቃ በዚሁ እንሥራ!»

«ፊልም ማቀናበሪያው ያለ ካርዱ አይከፈትም፤ ረሳኸው?» ሽቦውን በቀስታ አነሣች። የድሮውን ጽሑፍ መመለስ ብቻ ነበር የቀረው። ልትጀምር ስትል ወፍጮው ውጭ አጓራ፤ አምፖሉ ቀላ። ጣቷን መለሰች። አሁን በመሐል ቢጠፋባት ጥፋቱ በእርግጥም የእሷ ሊሆን ነው።

«እንዳትነካው» ብላው መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሴቶቹ ወረፋ እስከ አጥሩ ደርሷል። እማማ ጌታነሽ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ከመሐል ቆመዋል።

«እማማ፣ ወፍጮው ይቁምልኝ። አንድ ቁና ገብስ እስኪፈጭ ለሚሆን ጊዜ ብቻ።»

«ምን አልሽ? ደግመሽ በይው፤ ጆሮዬ ነው ወይስ አንቺ ነሽ ያበድሽው?»

«የኪዳነ ወልድ ሰርግ ፊልም በዚያ ማሽን ነው የሚወጣው። መብራቱ ከደከመ ማሽኑ አይድንም።»

«ወፍጮ አቁሞ ፊልም! ሂጂ ከዚህ!»

የምሥራች አልሄደችም። «እርስዎም አሉበት፣ እማማ። እስክስታ ሲወርዱ ሙሽራዋን ረስተው ሰው ሁሉ እርስዎን ነው የሚያየው።»

እማማ ጌታነሽ ነጠላቸውን አራገፉ።

«ትከሻዬ ይታያል?»

«ከነአንገትዎ።»

«አቁመው አንተ!» ብለው ውስጥ ወፍጮው ጋ ወዳለው ልጅ ጮኹ።

«ኧረ እትዬ፣ ልጆቼ ርቧቸዋል!» አለች አንዷ ከወረፋው።

«የትኛው ልጅሽ? ያ ሚስት ያገባው? ሚስቱ ታብላው!»

ወረፋው በሳቅ አለቀ። ወፍጮውም እየተነፈሰ ቆመ።

የምሥራች በርራ ተመለሰች። ጀመረች። ዐሥር በመቶ፣ ሠላሳ፣ ሥልሳ... እሱባለው ጥፍሩን ይበላል። ሴቶቹ እማማ ጌታነሽን ከፊት አድርገው ተከትለዋት መጥተዋል፤ ዱቄታቸውን እንደለበሱ በሩን ሞልተው ያያሉ። ዘጠና። መቶ! አጥፍታ ገመዱን ወደ ካርዱ መለሰችና አስነሣችው። ስክሪኑ አንድ ጊዜ ጠቆረ፣ ሁለቴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ቦግ!

እልልታው ገበያ ድረስ ተሰማ። ፊልሙ ተከፈተ። እማማ ጌታነሽ ራሳቸውን ሲያዩ ወገባቸውን ይዘው፦

«ትከሻ እንዲህ ነው!» አሉ። «ይኼንን ማን አዳነው? አንተ ነህ?»

እሱባለው አፉን ከፈተ። የምሥራች አየችው። አፉን ዘጋ።

ሴቶቹ ወደ ወረፋቸው ሲመለሱ ከታች የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ።

«አሁንማ ተሠርቷል» አለ እሱባለው ቀስ ብሎ። «የውሃውን ነገር ለምን እናስተባብላለን? ደረቀ እንላለን።»

የምሥራች ሳቋ መጣ። ማሽኑን ማን እንዳዳነው ያን ሁሉ ሴት ምስክር መጥራት ትችላለች፤ እማማ ጌታነሽ ብቻቸውን ይበቃሉ። የኮምፒውተሩን ክዳን ገጠመችና የመጨረሻዋን ቡሎን አጠበቀች።

«እኔ አንዲት ቃል አልናገርም» አለችው። «ምስክርም አልጠራም። አንተው ነህ እውነቱን የምትነግራቸው፤ ከዚህ በር ሳይገቡ፣ መንገድ ላይ። ሂድ፣ ሻንጣቸውን ተቀበልና ንገራቸው። ተነሥ እንጂ!»