ክፍት የቀረው ቫልቭ

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ከመሬት ያላት ከፍታ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ድመት እንኳ ከሥሯ ለማለፍ ሆዷን ስባ ትንፋሿን መያዝ አለባት። ሞተሯ ሲነሣ የሦስት ሰፈር ርግብ ከጣሪያ ላይ ብድግ ይላል። እንዲህ ያለችውን የእሽቅድምድም መኪና የሚነዳት ግን ከአጎቱ የወረሳት አንድ ዓይን አፋር መነጽር ሠሪ ነበር፤ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን ብስክሌት የሚነዱ ሽማግሌ ደወል ደውለው ቀደሙት ይባላል። ሽማግሌው በእግራቸው ነበሩ የሚልም አለ።

መነጽር ሠሪው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ዘይት ሊያስቀይር ወደ አንድ የሰፈር ጋራዥ ይመጣል። ጋራዡ የአባትና የልጅ ነው። መካኒኳ ልጅቷ ናት። ትንሽ ሆና ትልቁን ስለምታነሣ አባቷ በመኪና ማንሻው ስም «ክሪክ» ብለው አወጡላት፤ ሰፈሩም ክሪክ ብሏት ቀረ።

ክሪክ የዚያችን መኪና ዘይት ባወረደች ቁጥር በጣቷ ነካ አድርጋ ታየዋለች። ሥራ የሠራ ዘይት ይጠቁራል። ይሄ ግን እንደገባ ነው፤ ማር መስሎ ጥርት ብሎ ይወርዳል።

«ብዙ ነዳህ መሰለኝ» ትለዋለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ኧረ ተይኝ! ሦስት ተራራ ወጥቼ ነው የወረድኩት። አንዱንማ ሁለቴ፤ ቁልፍ ረስቼ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ትነክሳለች። ውሸቱን እያወቀች ታስጨርሰዋለች። ቡሎኑ ተፈትቶ፣ ዘይቱ ተንጠባጥቦ፣ ቡሎኑ ተመልሶ እስኪታሰር ግማሽ ሰዓት እሱ ይዋሻል፣ እሷ ታምናለች። ውሸቱ ሲያልቅ እሱ ጫማውን ያያል፤ እሷ ቁልፎቿን ትቆጥራለች። መባል ያለበት ነገር ሳይባል እንዲሁ አምስት ወር ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው ትንሽ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ቫልቭ ነበረች።

«ይቺ በዘይት ማውረጃው ቡሎን ቦታ ትገባለች» አላት እየተጣደፈ። «ከዚያ ወዲያ በቁልፍ መፍታት ቀረ። የጎማ ቱቦ ትሰኪና እጀታዋን ከፍ አድርገሽ ማዞር ነው፤ ይወርዳል። ስትመልሻት ይዘጋል። ሦስት ደቂቃ! እጅሽም አይነካውም።»

ክሪክ ቫልቩን በመዳፏ ገለበጠችው። ሦስት ደቂቃ? በሦስት ደቂቃ አንድ ተራራ እንኳ አይወጣም። ደግሞስ እንዲህ ከቀለለ እቤቱ አጎንብሶ ራሱ ሊያወርደው አይደል? ሰልችቶታል ማለት ነው። ቫልቩን ከመዳብ ቀለበቱ ጋር ጥርቅም አድርጋ አሰረችለት። «ይኸው፣ ከእኔ ተገላገልክ» ልትለው አሰበችና «ይኸው» ብቻ አለች።

ሰኞ ደግሞ ስልክ ተደወለ። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የጭነት መኪና ጋራዥ ለዋና መካኒክነት ፈልጓታል። መልሷን የሚጠብቀው መነጽር ሠሪው እስከሚመጣበት ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ድረስ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሪክ መቀመጫ አጣች። ቁልፍ በእጇ ይዛ ቁልፍ ትፈልጋለች። ያጠበቀችውን ትፈታለች፤ የፈታችውን ታጠብቃለች። የአንዱን ደንበኛ ጎማ አራት ጊዜ ከመንፋቷ የተነሣ ሰውዬው መኪናው እንዳይበርበት ፈርቶ በገመድ አስሮት አደረ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» አሏት አባቷ።

«ምንም።»

«ምንምሽ ጋራዡን አፈረሰው እኮ። ለሰዎቹስ ምን ልትያቸው ነው?»

«ቅዳሜ ይምጣና አባዬ።»

«ቅዳሜ ይምጣ ነው ወይስ እሱ ይምጣ?»

ክሪክ ያጠበቀችውን ቡሎን እንደገና ፈታች። በልቧ ግን ቆርጣለች፦ መጥቶ ከተናገረ ትቀራለች፤ ካልተናገረ ሻንጣዋን ታነሣለች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሆነ፤ የለም። አምስት ሆነ፤ የለም። አምስት ተኩል ሲል ርግቦቹ ብድግ አሉ።

«መንገድ በዝቶብህ ነው?» አለችው።

«አዎ… ማለቴ፣ አይ» አለና ጫማውን አየ።

ተራራ የለም። ወንዝ የለም። ክሪክ የማይዋሽ መነጽር ሠሪ አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች።

መኪናዋን ከሥር መሥሪያው ጉድጓድ ላይ አቆመች። ጉድጓዱ ሁለት መኪና የሚያሠራ ረጅም ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ አባቷ ከአንድ ፒክአፕ ሥር ናቸው። ክሪክ ወረደች፤ ቱቦውን ሰካች፤ እጀታዋን ከፍ አድርጋ አዞረች። ዘይቱ ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ፤ ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ። እውነትም ሦስት ደቂቃ። ወጣች፤ ዘይት ማስገቢያውን እምቡቶ የሞተሩ አፍ ላይ አደረገች፤ የአምስት ሊትሩን አዲስ ጋሎን ከፍታ ማንቆርቆር ጀመረች። ዓይኗ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

እሱ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ወደ ታች ያያል። አፉን ከፈተ። ዘጋው።

«የምትለው ነገር አለ?»

«እ… አይ። ቀጥይ።»

ቀጠለች። ጋሎኑ አለቀ። ይሄኔ ከጉድጓዱ ጩኸት ተሰማ።

«የማን ዘይት ነው ይሄ? ጫማዬ ውስጥ ገባ እኮ!»

ክሪክ ክው አለች። ድሮ ዘይቱ ሲወርድ የፈታችው ቡሎን በእጇ ይቀር ነበር፤ እሱ ነው የሚያስታውሳት። ቫልቩ በእጅ የሚያስቀረው ነገር የለም። ሳትዘጋው አምስት ሊትር አዲስ ዘይት በላይ አስገብታ በታች አፍስሳለች፤ ሳፋው ሞልቶ ጉድጓዱን አጥለቅልቋል።

«ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም!» አሉ አባቷ፣ እግራቸውን እያራገፉ።

ክሪክ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ወረደችና ቫልቩን ዘጋች። ከዚያ ቀና ብላ መነጽር ሠሪውን አየችው።

«አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያው ጠብታ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ዓይኑ ትልቅ ነው፤ መደበቂያም የለው።

«ሦስት ደቂቃ አነሰኝ» አለ። «ብነግርሽ ዘግተሽ፣ ሞልተሽ፣ በል ደህና ሁን ልትይኝ ነው።»

«ቫልቩን ግዛ ያለህ ማን ነው ታዲያ!»

በአገጩ ክንዷን አሳያት። የእጇ አንጓ ላይ የደረቀ የቃጠሎ ምልክት አለ። «ትኩስ ዘይት ሲወርድብሽ አየሁ። አንቺ እህ እንኳ አላልሽም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አመመኝ። እጅሽን አሰብኩና የእኔን ግማሽ ሰዓት ረሳሁት።» መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። «ተራራ ወጥቼ አላውቅም። መኪናዋም ከቤቴ እዚህ ድረስ ነው የምታውቀው። እወድሻለሁ። ይሄኛው ውሸት አይደለም።»

 አባቷ እንኳ እግራቸውን ማራገፍ ተዉ።

«ስድስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ፒክአፑን እያዩ።

ክሪክ እጇን በቱታዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። «ጤና ይስጥልኝ። አልመጣም። ደግሞ ለዋና መካኒክነት አልሆናችሁም፤ አሁን አምስት ሊትር ዘይት የአባቴ ጫማ ውስጥ አፍስሼ ነው የምደውለው።» ከወዲያ ያለው ሰው አልለመናትም።

«በሉ ሂዱና ዘይት ግዙ» አሉ አባት። «በእግራችሁ! መኪናዋ ባዶ ናት።»

ዘይት መሸጫው ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ነው፤ አሥራ ሰባት እርምጃ። ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።

«ምን አቆያችሁ?»

«ሦስት ተራራ ወጥተን ነው አባዬ» አለች ክሪክ። «አንዱን ሁለቴ።»

«ዘይቱስ?»

ሁለቱም እጃቸውን አዩ። አንዱ የሌላውን ይዟል፤ ዘይት የያዘ እጅ አልነበረም።