የሙሽሪት የእግር ውሃ

ጭሽሽሽ!

ቤዚ ባልዲውን እንደ ደፋች ወደ ኋላ ዘለለች። ከመኪናዋ የፊት ጎማ መሃል ነጭ እንፋሎት ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ተናደደ ሰው ተንፎለፎለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በፓፓያው ቅጠሎች መካከል አልፎ ሽቅብ ጠፋ። ለዚያች ደቂቃ ግቢው ግቢ አይመስልም። የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከአስፋልቱ የሚመጣው የባጃጅ ጩኸት፣ ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ሕልም ይሄዳል።

ቤዚ ዓይኖቿን ጨፍና አሸተተች። «ቡልቡላ ላይ ቆመሃል። ቲማቲም ገዝተሃል። ከዚያ በፊት ላንጋኖን በመስኮት አይተሃታል፤ ዛሬ ቀይ ነበረች።»

ሌላ ቀን ቢሆን አባቷ መሪው ላይ እንደ ተቀመጠ ይስቅ ነበር። «ቀይ አይደለችም፣ ቡናማ ናት» ይል ነበር። ዛሬ ግን ወረደና በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

ጨዋታው የተጀመረው ቤዚ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ማስረሻ ሰው በኮንትራት ይዞ ከአዳማ ሻሸመኔ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ትንሿን ነጭ መኪናውን «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማት። ከመንገድ የገባ እንግዳ ቁጭ ከማለቱ በፊት እግሩ ይታጠባል፤ በእሱ እናት ቤት ደንቡ እንዲያ ነበር። እና ሙሽሪት ከእንግዳ ታንሳለች? ግቢ ስትገባ፣ ሞተሯ ሳይበርድ፣ ለአራቱም እግሮቿ አንድ አንድ ባልዲ። በሰፈሩ ጎማዋ ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ መኪና የእነሱ ብቻ ናት። ያን ጊዜ ቤዚ፣ እንፋሎቱ አባቷ ያያቸውን አገሮች ይዞ የሚመጣ ይመስላት ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ ሞኝ አይደለችም። ነገር ግን አባቷ ከሳምንት ሳምንት መንገድ ላይ ነው፤ ስልክ ሳያወራ፣ ሒሳብ ሳያስብ እሷን ብቻ የሚሰማት በዚህ ጨዋታ ጊዜ ነው። ስለዚህ እንደምታምን ታስመስላለች።

«መሪው እንደገና ጀመረ» አለ ማስረሻ። «ከሞጆ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ እጄ ላይ እስክስታ ወረደ። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛ ጊዜው ነው!»

«ዲስኩ ነው?»

«ሌላ ምን ይሆናል?» አለ። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆመው እሱን ነው። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ የሹፌር ሰፈር ነዋ። «ኑሬ የሚገጥምልኝ ፎርጅድ ነው። እሁድ የሹፌሮች ዕድር አለ፤ ተነሥቼ እናገራለሁ።»

ቤዚ ባዶውን ባልዲ እንደ ያዘች ቀረች። ጋሽ ኑሬ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ልጁ ሃፍሳ ደግሞ ከቤዚ ጋር ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ጋራዡ የሚተዳደረው በዕድሩ ሹፌሮች መኪና ነው። አባቷ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለ አንድ አደጋ የነዳ ሰው ነው፤ እሱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማዋል።

በማግስቱ ቅዳሜ ጧት ማስረሻ ሙሽሪትን ጋራዡ በር ላይ አቆማትና «የመጨረሻ ጊዜ ነው» ብሎ ሻይ ቤት ሄደ። ቤዚ ቆየት ብላ ገባች። ሃፍሳ በርሜል ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አባቷን ስታግዝ የምትለብሰውን ቱታ ዛሬ አልለበሰችም።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አላት ጋሽ ኑሬ ከመኪናዋ ጎን ቁጢጥ እንዳለ። ‹ልጄ› የሚለው የኦሮምኛ ሰላምታው እንደ ወትሮው ነው፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። «ነይ እስቲ፣ ጉድ እዪ።»

ጎማውን ፈቶታል። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አስደገፈና ጠመኔውን ወደ ዲስኩ አስጠጋ። በሌላ እጁ ዲስኩን ቀስ አድርጎ አዞረው። ጠመኔው በአንድ በኩል ብረቱን ነካ፤ በሌላው በኩል አየር ብቻ ላሰ። ዲስኩ ላይ የቀረው መሥመር ግማሽ ጨረቃ ይመስል ነበር።

«ባለፈው ወር ስገጥመው ዙሪያውን ሙሉ ይነካ ነበር» አለ። በብረቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ እድፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ይህ ግሏል። መጋሉ ምንም አይደለም፤ ፍሬን ነው፣ ይግላል። ግን በራሱ ጊዜ መብረድ ሲገባው በድንገት ውሃ ነክቶታል። የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሺ ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«ብረት ደግሞ፣ በተለይ እየተላጠ ሲሳሳ፣ ይጣመማል። የፀጉር ያህል ነው፤ ዓይን አያየውም። መሪው ግን ያውቀዋል።» ቀና ብሎ አያት። «አባትሽን ‹ወንዝ ትሻገራለህ ወይ?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹አስፋልት ላይ ወንዝ አለ እንዴ?› ብሎ ተቆጣኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ይቺ መኪና ውሃ የሚነካት የት ነው?»

ጭሽሽሽ። እንፋሎቱ በዓይኗ ፊት ተነሣ፤ ነጭ፣ ቀስ የሚል፣ በውስጡም የአባቷ ሳቅ።

«አላውቅም፣ ጋሽ ኑሬ» አለች።

«እሺ። ዛሬም ቶርኖ ቤት ወስጄ ጠማማውን በማሽን አስልጠዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን የሚላጥ ብረት አይተርፈውም።»

ሃፍሳ ከበርሜሉ ዘላ ወረደችና ቤዚን ወደ በሩ ጎተተቻት። «አባትሽ ነገ በዕድሩ አባቴ ላይ ሊያስጨበጭብ ነው አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አቦ፣ አዳማ እኮ ነው! ሻይ ቤት ያስነጠስሽው እዚህ ‹ይማርሽ› ይባላል። ያ ጫምሳ የሚሉት ሹፌር ትናንት መኪናውን ሳያሠራ ይዞ ሄደ። ‹ሌላ ቀን› አለ። ፋራ! ሌላ ቀን ማለት መቼም ማለት እንደሆነ የማናውቅ መሰለው።»

«ቱታሽስ?» አለች ቤዚ፣ ወሬ ለመቀየር።

ሃፍሳ ግሪስ ያልነካቸውን ጣቶቿን አየች። «ባለፈው የሙሽሪትን የጎማ ቡሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ ‹ዛሬ አንቺ ጨርሺው› ብሎኝ። ቡሎን እኩል ካልጠበቀ ዲስክ ያጣምማል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት መሰለኝ። እሱ አይደለሽም ይላል። አባት አይደል፣ ምን ይበል? እኔ እንጃ፣ ከእንግዲህ መኪና አልነካም።»

ቤዚ አፏን ከፈተች። የሆነ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ ካለፈ በኋላ አፏ ተዘግቶ ነበር።

እሁድ አባቷ በጧት ደንበኛ ይዞ ቡልቡላ ሄደ። ዕድሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቤዚ ባልዲውን ሞልታ ፓፓያው ሥር ቆመች። ውሃው ውስጥ ሰማይ አለ፤ ሰማዩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደመና። ባልዲውን በእግሯ ነካ ስታደርገው ደመናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትረጋለች። ብትናገር አባቷ ምን እንደሚል አሰበች። ጨዋታውን የፈጠረው እሱ ነው። ጥፋቱ የሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀል ነበር! እንፋሎቱ ሲቀር ደግሞ ሌላ ምን ብላ ታናግረዋለች?

ጥሩንባ ጮኸ። በሩን ከፈተች። ሙሽሪት ገባች፤ ጎማዎቿ የሞቀ ብረት ይሸታሉ።

«ቶሎ በይ!» አለ ማስረሻ እየወረደ። «ልብስ ቀይሬ መውጣቴ ነው። ዛሬ መሪው አልተንቀጠቀጠም። ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ መጀመሩ አይቀርም።»

ቤዚ ባልዲውን አነሣች። ከጎማው ውስጥ ጣ… ጣ… የሚል ስስ ድምፅ ይሰማል፤ ብረቱ በራሱ ጊዜ እየበረደ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ሁልጊዜ ውሃው ይቀድመዋል።

«ምን ሆነሻል? ሙሽሪት እግሯን አትታጠብም?»

ቤዚ ባልዲውን ተሸክማ መኪናዋን አለፈች። በረንዳው ላይ ያለውን በርጩማ በእግሯ ጎተተችና ባልዲውን አጠገቡ አስቀመጠች።

«ዛሬ ሙሽሪት ትቆይ» አለች። «ያንተን እግር ልጠብ።»

«ልጅቷ! ዕድር አለብኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ቁጭ በል።»

ማስረሻ ሰዓቱን አየ። ልጁን አየ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም። እግሩ ነጭ አቧራ ለብሷል። ውሃው ውስጥ ሲከተው የቤዚ ደመና ተበታተነች።

«እሺ፣ እንፋሎት የለም» አለ፤ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። «አሁን ከየት መጣሁ?»

«ከቡልቡላ። አቧራው ነጭ ነው። ከሐይቁ ዳር ቆመህ ነበር።»

«ኧረ ጉድ!»

ቤዚ ተንበርክካ ውሃውን በእፍኟ ተረከዙ ላይ አፈሰሰች። ከኋላቸው ጣ… ጣ… ይላል።

«አባዬ፣ ዕድር ከመሄድህ በፊት ጋሽ ኑሬ ጋ እንለፍ። ሃፍሳም እዚያ ትኑር። ትናንት ጋሽ ኑሬ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ዋሸኋቸው።»

አባቷ እግሩን ከውሃው አላወጣም። ፈገግታው ግን ቆመ።

«ስለ ምንድን ነው የጠየቀሽ?»

ቤዚ ሌላኛውን እግሩን ያዘች።

«ስለ ውሃ» አለችው።